ስም አውጪዎቹ

ሰው ልጁን ከወለደ በኋላ ስም ያወጣለታል እንጂ፣ ስሙን አስቀድሞ ጽፎ ግድግዳ ላይ ከለጠፈ በኋላ ልጁ እስኪወለድለት ደጅ ደጁን እያየ አይቀመጥም፤ ይህ በየሃይማኖቱም ሆነ በየዘመኑ ሲሠራበት የኖረ ሥርዓት ስለሆነ ማስረጃ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። የሥነ ጽሑፍ ትምህርት በሚሰጥባቸው ክፍሎች ውስጥ ግን ሥርዓቱ ተገልብጦ፣ ስሙ በሰሌዳ ላይ ቀድሞ ይጻፋል፣ ፍቺው በአንድ መስመር ይሰፈርለታል፣ ተማሪውም የስሙን ባለቤት በዓይኑ ሳያየው፣ ከማን እንደ ተወለደና ማን ክርስትና እንዳነሣው ሳይጠይቅ በቃሉ ይዞት ለፈተና ይቀርባል።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገችኝ ከአጥራችን ማዶ የምትኖር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ይህች ልጅ በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍለ ጊዜ የታደላቸውን ወረቀት ይዛ መጥታ ፊቴ ዘረጋችው፤ በወረቀቱም ላይ ሜታፎር፣ አይረኒ፣ ፕሮታጎኒስት፣ ክላይማክስ፣ ሶሊሎኪ፣ ፓቴቲክ ፋላሲ የሚባሉና እነዚህን የመሳሰሉ ስሞች በፊደል ተራ ተሰልፈዋል። «ጋሼ» አለችኝ ጣትዋን በዝርዝሩ ላይ እያንሸራተተች፣ «ይህን ሁሉ ስም ያወጣው አንድ ሰው ነው ወይስ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነው?» ኮሚቴ ተቋቁሞ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ እስከ ዛሬ ለሚቀጥለው ስብሰባ በይደር በቆየ ነበር ብዬ ልመልስላት አሰብሁና፣ ልጅ ከልቡ በጠየቀው ነገር መቀለድ ነውር ስለሆነ፣ የማውቀውን ከመጻሕፍቴ ጋር አመሳክሬ እንድነግራት ቀን ቀጠርኋት። ከዚህ በታች የሚነበበው ያን ጊዜ የነገርኋት ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

ከዝርዝሩ ውስጥ በዕድሜ አንጋፋ የሆኑት ስሞች የተወለዱት በጥንታዊት አቴና፣ በዲዮኒሶስ ቴአትር ነው፤ ሲወለዱም የሊቃውንት መመራመሪያ ሳይሆኑ የሥራ ድርሻና የዕቃ መጠሪያ ነበሩ። ዛሬ «የድርሰቱ ዋና ገጸ ባሕርይ» ተብሎ የሚፈታው ፕሮታጎኒስት በዚያ ዘመን የመጀመሪያው ተዋናይ የሚጠራበት ማዕረግ ነበር። አርስጣጣሊስ እንደ ተረከው፣ ከመዘምራኑ ጋር የሚነጋገረው ተዋናይ በመጀመሪያ አንድ ብቻ ሲሆን ኤስኪለስ ሁለተኛውን ጨመረ፣ ሶፎክልስም ሦስተኛውን አስከተለ፤ ተዋንያኑም ጭምብል ለባሾች ስለ ነበሩ ያው አንድ ሰው በአንድ ተውኔት ውስጥ ንጉሥም መልእክተኛም፣ ሴትም ሽማግሌም እየሆነ ይወጣ ይገባ ነበር። ዛሬ ተማሪያችን ስለ ፕሮታጎኒስቱ ጠባይና ስለ ነፍሱ ጥልቀት ሁለት ገጽ ሙሉ ሲጽፍ፣ ይህ ስም በመጀመሪያ የተሰጠው ከመድረክ በስተ ኋላ ጭምብል ሲቀያይር ላቡ ለሚንቆረቆር ባለሙያ መሆኑን የሚነግረው የለም።

እንዲሁም ደራሲው ታሪኩን ራሱ ካወሳሰበው በኋላ መፍቻው ሲጠፋበት፣ ካልታሰበ ስፍራ አንድ አዳኝ አምጥቶ ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ሲያስተካክል፣ መምህራን ዴውስ ኤክስ ማኪና ብለው በላቲን ይነቅፉታል። ይህ «ማኪና» የሚባለው ነገር በእውነት የነበረ ከእንጨት የተሠራ መሣሪያ ሲሆን፣ ሥራውም አምላክ ሆኖ የሚጫወተውን ተዋናይ በገመድ አንሥቶ ከመድረኩ በላይ ማንጠልጠል ነበር። አውሪጲደስ በ431 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ባሳየው ሜዴያ በተባለው ተውኔት፣ ልጆችዋን የገደለችው ሴት በመጨረሻ በፀሐይ ሠረገላ ተሳፍራ ከምድር ፍርድ በላይ ስታመልጥ ታየች፤ አርስጣጣሊስም የታሪክ መፍቻ ከራሱ ከታሪኩ ሆድ መውጣት ይገባዋል እንጂ ከመሣሪያ መምጣት የለበትም ሲል ይህንኑ ተውኔት በስሙ ጠቅሶ ወቀሰ። እንግዲህ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ የኖረው ይህ ስም የመነጨው ከአናጢ ሥራ ነው ማለት ነው።

አርስጣጣሊስን ካነሣን ዘንድ፣ የዚህ ሁሉ ቤተሰብ ታላቅ የክርስትና አባት እርሱ ስለሆነ፣ በእርሱ ዘንድ ጥቂት መቆየት ይገባናል። ስለ ግጥምና ስለ ተውኔት የጻፈው ፖየቲክስ የሚባለው መጽሐፉ እጅግ አጭር ሲሆን፣ ብዙ ሊቃውንት እንደሚያምኑት ለሕዝብ እንዲነበብ የተዘጋጀ ሳይሆን ለማስተማሪያ የያዘው ማስታወሻ ነው፤ ስለ ኮሜዲ የተናገረበትም ክፍል ጠፍቶአል። መምህር ለራሱ በያዘው ማስታወሻ ላይ የሚያውቀውን ነገር አያብራራምና፣ ካታርሲስ የሚለውን ቃል ትራጀዲን በሚበይንበት ስፍራ ጣል አድርጎት ዝም ብሎ አለፈ፤ ከዚያ ወዲህ የተነሡት ሊቃውንት ግማሾቹ ማንጻት ነው፣ ግማሾቹ እንደ ሐኪም መድኃኒት ከሰውነት ማስወጣት ነው እያሉ ለመቶዎች ዓመታት ሲከራከሩበት ኖረው ዛሬም አልተስማሙም። የተማሪዎቹ ወረቀት ግን ከክርክሩ ውስጥ አንዱን ወገን መርጦ፣ ነገሩ ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲሁ የኖረ አስመስሎ በስምንት ቃል ፈርዶታል። «ታዲያ ጋሼ፣ በፈተናው ላይ የቱን ልክበብ?» አለችኝ ልጅቱ፤ የወረቀቱን እንድትከብና የሊቃውንቱን እንዳትረሳ መከርኋት።

ከዚህ የከፋ ዕጣ የገጠመው ሐማርቲያ የሚባለው ቃል ነው። አርስጣጣሊስ የትራጀዲ ሰው ከክብሩ የሚወድቀው ክፉ ሰው በመሆኑ ሳይሆን በአንድ ሐማርቲያ ምክንያት ነው ሲል፣ ቃሉ የወጣው ዒላማን ከመሳት ስለሆነ፣ አሳቡ ባለማወቅ የሚደረገውን ስሕተት የሚያካትት ነበር፤ አባቱን ማንነቱን ሳያውቅ በመንገድ ላይ የገደለው ኤዲጶስ ምሳሌው ነው። ነገር ግን ይኸው የግሪክ ቃል በሐዲስ ኪዳን ውስጥ ኃጢአትን የሚያመለክት ሆነ፤ የግዕዝ ተርጓሚዎቻችንም ኃጢአት ብለው ሲመልሱት፣ ኃጥአ ማለት ራሱ በግዕዝ አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ ማለት ስለሆነ፣ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ በአንድ መንገድ ተገናኝተዋል። የእንግሊዝ ሃያስያን ደግሞ ዘግይተው መጥተው ቃሉን «የጠባይ ጉድለት» አደረጉት፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ተማሪ ሁሉ እንደ ነፍስ አባት ተቀምጦ የየንጉሡን ኃጢአት ይመረምራል፣ ኤዲጶስንም ቁጡ ነህ፣ ማክቤዝን ሥልጣን ወዳጅ ነህ፣ ሐምሌትን ወላዋይ ነህ እያለ ንስሐ ይሰጣል።

የአርስጣጣሊስ መጽሐፍ ወደ አውሮፓ የተመለሰበት መንገድ ራሱን የቻለ ወግ ነው። በአሥረኛው መቶ ዓመት አቡ ቢሽር ማታ የተባለ ክርስቲያን ሊቅ በባግዳድ ተቀምጦ መጽሐፉን ከሱርስት ወደ ዐረብኛ መለሰው፤ ነገር ግን በዐረብኛ ተናጋሪዎቹ ዘንድ ተውኔት በመድረክ የማሳየት ልማድ ስላልነበረ፣ ትራጀዲ የሚለውን ስም የማወደስ ጥበብ፣ ኮሜዲ የሚለውንም የመንቀፍ ጥበብ ብሎ ተረጎመው። የኮርዶባው ሊቅ ኢብን ሩሽድ ይህንኑ ይዞ ማብራሪያ ጻፈበት፤ በ1256 ሄርማን የተባለ ጀርመናዊ በቶሌዶ ከተማ የኢብን ሩሽድን ማብራሪያ ወደ ላቲን መለሰው፤ የምዕራብ አውሮፓ ሊቃውንትም ቴአትር አይተው የማያውቁ ሰዎች ስለ ቴአትር የጻፉትን ትርጓሜ ለረጅም ዘመን የአርስጣጣሊስ ቃል ነው ብለው አጠኑት። ከግሪክኛው በቀጥታ የተተረጎመ የላቲን ቅጂ በዚያው በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሆኖም አንባቢ አላገኘም። እኛም ብንሆን የአፍላጦንንና የአርስጣጣሊስን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰማንባቸው መጻሕፍት አንዱ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው አንጋረ ፈላስፋ ስለሆነ፣ በላቲኖቹ ላይ ለመሳቅ አንቸኩልም። ይልቁንም መወድስ የሚባል የቅኔ ዓይነት ባለበት አገር የተወለደ ሰው፣ ግጥም ከማወደስና ከመንቀፍ ተወለደ ቢሉት ብዙም አይደነቅም።

ከስሞቹ መካከል ስድብ ሆነው የተወለዱም አሉ። አይረኒ የሚለው ስም የመጣው በግሪክ ኮሜዲ ውስጥ የሚያውቀውን እንደማያውቅ፣ ያለውን እንደሌለው አድርጎ ከሚያሳይ ተንኮለኛ ሰው ነው፤ ተቃራኒውም የሌለውን አለኝ የሚል ጉረኛ ነበር። አፍላጦን በጻፈው ፖሊቴያ በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ትራሲማኮስ የተባለው ቁጡ ተከራካሪ ሶቅራጥስን በዚህ ስም ሲጠራው ሊያከብረው ፈልጎ ሳይሆን፣ አንተ አስመሳይ፣ እየጠየቅህ መልስ የምትሸሽግ፣ ሊለው ነበር። ስድቡ ግን ሶቅራጥስ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ከሰውዬው ክብር የተነሣ ክቡር ሆነ። በ1833 ደግሞ ኮኖፕ ቴርልዎል የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ስለ ሶፎክልስ አይረኒ ባሳተመው ጥናት፣ ተመልካቹ የሚያውቀውን ተዋናዩ ሳያውቅ ሲናገር የሚፈጠረውን ምፀት ለእንግሊዝኛ ሂስ አስተዋወቀ፤ ቴርልዎል ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዌልስ አገር ጳጳስ ሆኖ ስለ ተሾመ፣ ድራማቲክ አይረኒ የሚባለው የዛሬው የፈተና ጥያቄ ክርስትና የተነሣው በጳጳስ እጅ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

በእርግጥ ከቤተ ክርስቲያን የወጡትም ስሞች ጥቂት አይደሉም። ሶሊሎኪ፣ ማለትም ተዋናዩ ብቻውን ቆሞ ከነፍሱ ጋር የሚነጋገረው፣ ስሙን ያገኘው ከአፍሪካዊው ሊቅ ከአውግስጢኖስ ነው፤ እርሱም ሊጠመቅ ሲዘጋጅ፣ በ386 እና በ387 መካከል፣ ከገዛ አእምሮው ጋር እየተጠያየቀ የጻፈውን መጽሐፍ በዚህ ስም ሲጠራው፣ ስሙ አዲስና ምናልባትም ለጆሮ ሻካራ መሆኑን ራሱ አምኖአል። ከስም አውጪዎቹ ሁሉ መካከል ስላወጣው ስም ይቅርታ የጠየቀ እርሱን ብቻ አገኘሁ። ኤጲፋኒ የሚባለውንም፣ ተራ በሆነ ነገር ውስጥ እውነት በድንገት ለአንድ ሰው መገለጡን የሚያመለክተውን ስም፣ ወደ ሥነ ጽሑፍ ያስገባው በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ያደገው የአየርላንድ ደራሲ ጄምስ ጆይስ ነው፤ አሳቡን የገለጸበትም ስቲቨን ሂሮ የተባለው ያልተፈጸመ ልቦለድ የታተመው ደራሲው ከሞተ በኋላ በ1944 ነው። ኤጲፋንያን ከጥምቀት፣ አስተርእዮንም ከዘመኑ ጋር ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህን ስም ለማስረዳት ሰሌዳና ጠመኔ ማባከን አያስፈልግም ነበር፤ ነገር ግን ወረቀቱ ይህን ዝምድና አያነሣውም።

ስሞቹን ከግሪክ ወደ አገሩ ቋንቋ ለመመለስ የደፈረ አንድ እንግሊዛዊም ነበር። በ1589 በለንደን ታትሞ የወጣውና የደራሲው ስም ያልተጻፈበት፣ ሊቃውንት ግን የጆርጅ ፑተንሃም ነው የሚሉት የግጥም ጥበብ መጽሐፍ፣ የቤተ መንግሥት ወይዛዝርትና መኳንንት በግሪክ ስም እንዳይደናገሩ በማሰብ ለየዘይቤው የእንግሊዝኛ ስም አወጣለት፤ ምፀትን ደረቅ ፌዝ፣ ግነትንም ጮኾ የሚዋሽ እያለ እንደ ሰፈር ልጆች በቅጽል ስም ጠራቸው። ስሞቹ እጅግ ደስ የሚሉ ነበሩ፤ ሆኖም አልተለመዱም፤ ግሪኮቹ ቀሩ፣ የፑተንሃም ልጆች ግን በሕፃንነታቸው አለፉ። እርሱ ያልሆነለት ነገር ለአማርኛ መምህራን ሆኖላቸዋል፤ ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምፀት የሚሉት ስሞች በየትምህርት ቤቱ ሥር ሰድደዋል፤ «አይ»ንና «አዎ»ን አጋጥሞ የተፈጠረው አያዎ የሚለው ስም ደግሞ እርስ በርሱ የሚቃረነውን አነጋገር ከግሪኩ ስም ይልቅ ግልጥ አድርጎ ያሳያል ብል የወገን አድልዎ አይሆንብኝም። ይህችው ጎረቤቴ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሰውኛን፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ፐርሶኒፊኬሽንን ታጠናለች፤ ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን ከእኔ ስትሰማ፣ ከጥናትዋ ላይ ሸክም ስለ ቀነሰላት ከልብዋ አመሰገነችኝ።

ልጅ ከስሙ ቀድሞ መወለዱን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የማላፕሮፒዝም ነገር ነው። ሪቻርድ ብሪንስሊ ሸሪዳን ገና የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ሳለ፣ በጥር ወር 1775 ዘ ራይቫልስ የተባለ ኮሜዲውን በለንደን ኮቨንት ጋርደን ቴአትር አሳየ፤ በመጀመሪያው ሌሊት ተመልካቹ ስላልወደደለት አንሥቶ ካረመው በኋላ፣ ወሩ ሳያልቅ መልሶ ቢያቀርበው ተወደደለት። በተውኔቱ ውስጥ ሚስስ ማላፕሮፕ የተባለች፣ የተማረች ለመምሰል ታላላቅ ቃላትን ያለ ቦታቸው የምትሰነቅር እመቤት አለች፤ ይህን የመሰለው የቃላት መቃወስ ሁሉ በስምዋ ተጠራ። ይሁን እንጂ ሼክስፒር በ1600 በታተመው ተውኔቱ ውስጥ ዶግቤሪ የተባለውን የዘበኞች አለቃ ልክ እንዲሁ ሲያናግረው ተመልካች እየሳቀ ነበርና፣ ልጁ ያለ ስም መቶ ሰባ አምስት ዓመት ኖሮአል ማለት ነው። ስም ስላልነበረው ግን ያልሳቀ ሰው አልነበረም።

አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሲገባ ስም ማውጣት የሃያስያን ሥራ ሆነ፤ ብዙውን ጊዜም ስሙ የሚወጣው ለመቆጣት ነበር። በ1856 ጆን ረስኪን ስለ ዘመኑ ሠዓልያን በሚጽፈው ታላቅ መጽሐፍ ሦስተኛ ቅጽ ውስጥ፣ ገጣሚዎች ሐዘን ሲያሸንፋቸው ባሕርን ጨካኝ፣ ሰማይን አልቃሽ፣ ቅጠልን ጨፋሪ አድርገው ማየታቸውን ነቅፎ፣ ይህ ስሜት የሚያመጣው ሐሰት ነው ሲል ፓቴቲክ ፋላሲ የሚል ስም ሰጠው፤ ከሁሉ የበለጡት ታላላቅ ገጣሚዎች በዚህ ፈተና እምብዛም አይወድቁም፣ የሚወድቁት ሁለተኛው ተርታ ናቸው እያለም መዓርግ መደበላቸው። ዛሬ ታዲያ ተማሪው በልቦለድ ውስጥ ዝናብ ከልቅሶ ጋር አብሮ ሲዘንብ ባገኘ ቁጥር ፓቴቲክ ፋላሲ ብሎ ይጽፍና ነጥብ ይሰጠዋል፤ ደራሲውም ረቂቅ ጥበብ ሠራ ተብሎ ይመሰገናል። ረስኪን የጻፈው የክስ ወረቀት በትምህርት ቤት እጅ የምስጋና ደብዳቤ ሆኖ ቀረ።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1863፣ ጉስታቭ ፍራይታግ የተባለ ጀርመናዊ ደራሲ ስለ ድራማ አሠራር አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያም የግሪኮችን፣ የሼክስፒርንና የሺለርን ተውኔቶች መርምሮ፣ ነገሩ ከመግቢያው ተነሥቶ እየከረረ ወደ ጫፉ ይወጣል፣ ከጫፉም ወደ መጨረሻው ጥፋት ይወርዳል ሲል በሦስት ማዕዘን ሥዕል አሳየ። የፍራይታግ አሳብ ስለ ባለ አምስት ገቢር ትራጀዲ ነበር፤ ጫፉም ያረፈው በመካከል፣ በሦስተኛው ገቢር ላይ ነበር። ይህ ሦስት ማዕዘን ግን ከጀርመን ወጥቶ ባሕር ሲሻገር የአጭር ልቦለዱም፣ የተረቱም፣ የፊልሙም የግዴታ ሥዕል ሆነ፤ በየሰሌዳው ላይ ሲሣል ሲሣልም ጫፉ እየተገፋ ወደ መጨረሻው ተጠጋና የቀኝ ጎኑ እንደ ገደል ተቆረጠ። የሚገርመው ግን ይህን ተራራ የማይወጡ ታሪኮች መብዛታቸው ነው፤ ቼሆቭ ከጻፋቸው አጫጭር ልቦለዶች በአንዳንዶቹ ውስጥ ጫፉን የሚፈልግ ተማሪ ሜዳ ለሜዳ ሲንከራተት ይመሽበታል፤ እንዲህ ያለ ጊዜም ጥፋተኛ ተብሎ የሚጠረጠረው ቼሆቭ ወይም ተማሪው እንጂ ተራራው ሆኖ አያውቅም።

ስም የወጣለት ሰው ሁልጊዜ ደስ አይለውም። የአሜሪካው ሊቅ ዊልያም ጄምስ በ1890 ባሳተመው የሥነ ልቡና መጽሐፍ፣ የሰው አሳብ እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠለ ሳይሆን እንደ ወንዝ የሚፈስ መሆኑን ሲያስረዳ ስለ ልቦለድ አንዳች አላሰበም ነበር፤ በ1918 ግን ሜይ ሲንክሌር የተባለች ደራሲ ስለ ዶሮቲ ሪቻርድሰን ልቦለዶች ስትጽፍ፣ የንቃተ ኅሊና ፍሰት የሚለውን ይህን ስም ተውሳ ለድርሰቱ ሰጠችው። ሪቻርድሰን ስሙን እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ አልወደደችውም፤ ይሁን እንጂ ስም የሚወጣለት ሰው ተጠይቆ ስለማያውቅ፣ የእርስዋ ተቃውሞ እንደ ሕፃን ልቅሶ ታልፎ ስሙ ጸና። ኤድዋርድ ሞርገን ፎርስተርም በ1927 በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ በሰጠው ንግግር ገጸ ባሕርያትን ጠፍጣፋና ክብ ብሎ ሲከፍል፣ ጠፍጣፋዎቹ ለደራሲ እጅግ ጠቃሚ መሆናቸውን፣ ዲከንስም በእነርሱ ታላቅ ሥራ መሥራቱን ገልጦ ነበር። ይህን የመከላከያ ቃል ትምህርት ቤት አልሰማውም፤ ስለዚህ ጠፍጣፋ ማለት የድርሰት ነውር ሆኖ ተመዝግቦአል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ስም እንዴት በአንድ ወረቀት ላይ ተሰበሰበ ቢባል፣ ነገሩ የዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ነው። በአሜሪካ በ1941 ሁለት መምህራን ያዘጋጁትን የስሞች መፍቻ ማየር ሐዋርድ ኤብራምስ አስፍቶና አድሶ በ1957 አወጣው፤ መጽሐፉም እያንዳንዱን ስም ከነታሪኩና ከነክርክሩ የሚያስረዳ፣ በጽሞና ሊነበብ የሚገባው መልካም መጽሐፍ ነው። ክፋቱ እንዲህ ያለው መጽሐፍ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲወርድ እየተቆረጠ መምጣቱ ነው፤ በመጀመሪያ ክርክሩ ወደቀ፣ ቀጥሎ ታሪኩ ወደቀ፣ ከዚያ ምሳሌው ወደቀ፣ በመጨረሻ ልጅቱ ፊቴ የዘረጋችው ወረቀት ቀረ።

ስም ማወቅ ማንበብ ማወቅ አለመሆኑንም የመሰከረ ሰው አለ። አይቨር አርምስትሮንግ ሪቻርድስ በካምብሪጅ ለሚያስተምራቸው ተማሪዎች ግጥሞችን ከነገጣሚዎቻቸው ስም ለይቶ እያደለ፣ የተሰማቸውን ጽፈው እንዲመልሱለት አደረገ፤ መልሶቻቸውንም በ1929 መጽሐፍ አድርጎ ሲያወጣው፣ ከአገሩ ምርጥ ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ የግጥሙን ግልጥ ፍቺ እንኳ መረዳት እንዳቃታቸው ታየ። ይኸው ሰው በ1936 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ ሜታፎርን ሁለት አካል ከፍሎ፣ የሚሸከመውንና የሚሸከሙለትን አሳብ ለይቶ ሲሰይም የእንግሊዝ ሃያስያን እንደ አዲስ ግኝት ተቀበሉት፤ ሰምና ወርቅን የሚያውቅ የቅኔ ተማሪ ቢሰማው ኖሮ ግን «ይህንማ የኔታ አስተምረውኛል» ብሎ መንገዱን በቀጠለ ነበር።

የቅኔውን ተማሪ ያነሣሁት ለጉራ አይደለም፤ የትምህርቱ ሥርዓት ለጉዳያችን ምስክር ስለሚሆን ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወይም በዋድላ ስልት፣ ቅኔ ሊማር የገባ ልጅ ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ወደ ባለ ሦስቱ ዘአምላኪየ እያለ እስከ ባለ ስምንቱ መወድስ ይደርሳል፤ በየእርከኑም የየኔታን ቅኔ ይሰማል፣ ራሱም ቆጥሮ ይቀርባል፣ ሲሳሳት ይታረማል። ቅኔ ቤትም የየራሱ ስሞች አሉት፤ ሰም ለበስ፣ ኅብር፣ ውስጠ ወይራ እየተባሉ በየዓይነታቸው ይጠራሉ፤ ነገር ግን ስሙ ተማሪው ከሰማውና ከሞከረው ቅኔ ጋር ተያይዞ ስለሚመጣ፣ ስሙን ሲሰማ የሚያስታውሰው የወረቀት መስመር ሳይሆን ያላበውን ሌሊት ነው።

እኔ ስሞቹ ይቅሩ አልልም። ስም የሌለው ነገር ለመነጋገር ያስቸግራል፤ ከላይ እንዳየነውም ስም አውጪዎቹ እያንዳንዳቸው በፊታቸው የነበረውን ድርሰት በትጋት ያነበቡ፣ ያነበቡትም ነገር ያስደነቃቸው ወይም ያስቆጣቸው ሰዎች ነበሩ። ረስኪን የተቆጣው ግጥሙን ስላነበበ ነው፤ ፎርስተር ጠፍጣፋና ክብ ያለው የዲከንስን ልቦለዶች ስለሚያውቅ ነው፤ አርስጣጣሊስም ሜዴያን ባያውቃት ኖሮ በመሣሪያው ላይ ባልተናገረ ነበር። ለተማሪዎቻችን የምናወርሳቸው ግን ቁጣውንና አድናቆቱን አስቀርተን የተረፈውን ስም ብቻ ስለሆነ፣ ውርሱ ዕዳ ሆኖባቸዋል። ስለዚህ ፍርዴ አጭር ነው፤ አንድ ዘይቤ በስሙ ሊጠራ የሚገባው ተማሪው በድርሰት ውስጥ አግኝቶት፣ ይህ ነገር ምን ይባላል ብሎ ሲጠይቅ ነው። መምህራን ሆይ፣ ለፈተናው የሚሆነውን መርሐ ግብር የሚያወጣው ሌላ አካል መሆኑን አውቃለሁ፤ የክፍሉ በር ከተዘጋ በኋላ ግን ጊዜው የእናንተ ነውና፣ ግጥሙን ሁለት ጊዜ ጮኽ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ስሙን ከዚያ በኋላ ንገሩአቸው።